ከወንበሩ ኋላ ያለው ሰው

«ሰማይ ከመሬት ወድቋል!» አለ ደሹን ከፊት።

«እግሬ ዘሎት ያውቃል!» አልኩ ከኋላ፤ ዘለልኩም። የገለባ ጫማዬ ጫፍ እንኳ አልረጠበም።

ሰማይ ከመሬት ወደቀ ማለት ኩሬ አለ ማለት ነው። ከፊት ያለው ተሸካሚ ያየውን ይጠራል፣ ከኋላ ያለው «ሰምቻለሁ» ለማለት ቤት መትቶ ይመልሳል፤ በትከሻችን የተሸከምነው ወንበርም በላዩ የተሳፈረው ሰውም በሰላም ያልፋሉ። በያጆው ከተማ ትናንት መሎጊያ የጨበጠ ለማጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ምክንያቱም ከኋላ የሆነ ሰው ፊቱ ላይ የተደቀነው የወንበሩ ጀርባ ነው፤ ዘይት የጠጣ ጨርቅ፣ የቀርከሃ ስንጥር፣ ከላይ ጣሪያው። መንገድ መኖሩን የሚያምነው ከፊት ያለው ስለነገረው ነው።

እኔ ግን የወንበሩን ጀርባም አላየውም ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት ግራ ዓይኔ ላይ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነገር ወረደ። በዓመቱ ቀኙ ተከተለ። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ሰውና ምሰሶ ግን አልለይም። አንድ ጊዜ ለምሰሶ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቻለሁ፣ ደሹን እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እኔ «ታላቄ» እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ በቤተሰባችን ተራ «ሦስተኛው» ይለኛል። እሱ ከፊት እስካለ ድረስ ዓይን ምን ያደርግልኛል? አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ መሎጊያ ተሸክመናል።

የተሸካሚዎች አለቃችን ጉ ቢያውቅ ግን አለቀልኝ። ጉ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የተሳፋሪው ደኅንነት በእሱ ራስ ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ቢሰበር ወደ ገዥው ግቢ ተጎትቶ የሚገረፈው እሱ ነው። ዕውር ይዞ ተራራ የሚወጣ አለቃ የለም። እኔም ከመሎጊያው ከወረድኩ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፤ የከተማው ደቡብ በር፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ «ስለ ሰማይ ብላችሁ»። ከደጁ የሚያልፈው ተሸካሚ ሁሉ ወዳጄ ነው። እግራቸውን በድምፁ እለየዋለሁ። ከዚያስ ሞት ይሻለኛል እል ነበር፣ እውነቴን ነው።

አሁን ደግሞ ስለተሸከምነው ጉድ ላውራ።

ስሙን ለመጥራት ምላስ ሁለት ጊዜ መተጣጠፍ ስላለበት የአውራጃው ገዥ በይለፍ ወረቀቱ ላይ «ክቡር ሉ» ብለው አጻፉለት። እኛ ከጀርባው ጢማሙ እንለዋለን። ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣው፣ የእኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚበላ አይቶ መጽሐፍ ሊጽፍ ነው አሉ። እንግዲህ የገዛ አገሩ ሰው የሚበላውን አይቶ ጨርሷል ማለት ነው! ክብደቱ የሁለት እርድ አሳማ ነው፤ አሳማ ደግሞ ቢያንስ ዝም ብሎ ይጋደማል። ይህ ግን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይንጠራራል፣ በተንጠራራ ቁጥር መሎጊያው ትከሻዬን ይገዘግዘኛል።

«ያ ሰውዬ በሁለት ባልዲ የተሸከመው ምንድን ነው?» ይላል። ፌንግ ያስተረጉማል። ፌንግ ከቾንግቺንግ የመጣ፣ የቆዳ ጫማ የሚያደርግ፣ እኛ ሁላችን «መምህር» የምንለው ቀጭን ሰው ነው።

«ለማሳው ማዳበሪያ ነው፣ ክቡር ጌታ» ይላል ፌንግ።

«ከምን የተሠራ?»

ፌንግ ያስላል። «ከትናንት እራት» ይላል ደሹን ከፊት። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጢማሙ አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል አሉ፣ ከዚያ ይጽፋል፤ የብዕሩ መጫር ከጨርቁ አልፎ ይሰማኛል። ማዳበሪያ አይቶ የሚጸየፍ፣ ከዚያው ማሳ የወጣውን ጎመን ግን ቀድሞ የሚያነሳ ሰው አይቻለሁ፤ ማለቴ ሰምቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከወንበሩ ወረደና ከወራጅ ውኃ በእጁ ጨልፎ ጠጣ። አለቃ ጉ ሮጦ ሙቅ ውኃ አቀረበለት። «ሙቅ ውኃ የበሽተኛ ነው፤ ለዚህ ነው እናንተ ጉልበት የሌላችሁ» አለ አሉ። ጉልበት የሌለን እኛ ተራራውን አወጣነው። በአምስተኛው ቀን ወንበሩን በየመንገዱ እያስቆመ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይሮጥ ጀመር። ደሹን በይለፍ ወረቀቱ ላይ የሌለ ማዕረግ ሰጠው፤ «የቁጥቋጦ አገረ ገዥ»። ጓዝ ተሸካሚዎቹ ሁሉ «አገረ ገዥው ችሎት ገቡ» እያሉ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

ያ ነገር የሆነው በሰባተኛው ቀን ነው። ተራራውን ተሻግረን፣ የዳዱ ወንዝ ከሥራችን መጮህ ሲጀምር፣ ለምሳ አንዲት የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ገባን። የቤቱ እመቤት ከእንጨቱ ገንዳ ሩዝ እየዛቀች ሳህኑ ላይ እንደ ኮፍያ ትቆልላለች። ትኩስ የአኩሪ አተር እርጎ፣ ለማጥቀሻ በርበሬ በዘይት፣ በጨው የከረመ ጎመን። ሦስት ሳህን ሩዝ ካልበላህ በዚያ መንገድ ላይ ጉልበትህ አይከተልህም። ሳህኑን ከንፈራችን ላይ አድርገን በመብያ እንጨት እየገፋን ዋጥን።

ጢማሙ ከፊታችን ቆሞ ያየናል።

«ምን ይላል?» አለ ደሹን፣ አፉ ሙሉ ነው።

«ሲበሉ አያወሩም፣ ጣዕሙንም አያውቁትም፣ እሳት ውስጥ እንጨት እንደሚማግድ ሰው ነው የሚበሉት ይላሉ» አለ ፌንግ በዝግታ።

«ንገረው መምህር፣ ገደሉ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ነው በለው። ደግሞ እሳቱ ካልተማገደ ማን ይሸከመዋል?»

ፌንግ ረጅም ነገር ተናገረ። ጢማሙ ረክቶ «እህ» አለ።

«ምን አልከው?»

«ስላሰቡልን እናመሰግናለን አልኩት።»

«አይ መምህር! አንተን የወለደች እናት ማር ሻጭ ሳትሆን አትቀርም።»

ከዚያ ጢማሙ የራሱን ምግብ ከፈተ። ቆርቆሮው ክች ሲል ሽታው ቤቱን ሞላው። ቅቤ ነው አሉ፣ ከላም ጡት ተንጦ ከርሞ። ከርሞ ብቻ! እመቤቲቱ ልጆቿን ወደ ጓዳ ስትጠራ ሰማሁ። ያንን ደረቅ እንደ ጣውላ የሚሰበር ብስኩት ላይ እየለቀለቀ ይቆረጥመዋል። እኛ ጣዕም አናውቅም ያለው እንግዲህ ይህ ነው።

በድንገት ደሹን ከገበታው ሥር ቅልጥሜን ረገጠኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። መብላቴን ቀጠልኩ። እንደገና ረገጠኝ።

«ታን!» ብሎ በስሜ ጠራኝ አለቃ ጉ ከቀኜ። «ምን ነክቶሃል? ክቡርነታቸው እጃቸውን ዘርግተው እስከ መቼ ይቁሙ?»

ለካ ያ ሰው ቅቤ የቀባውን ብስኩት አፍንጫዬ ሥር ዘርግቶልኝ ኖሯል፣ ስበላ ሊያየኝ። ያን ሁሉ ሽታ ከወዴት እንደመጣ እንዴት ልለየው?

«የፈረንጅ ምግብ ሆዴን ያመኛል፣ አለቃ» አልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር።

ጢማሙ አንዲት ቃል ተናግሮ ጻፈ። ፌንግ አልተረጎመውም። ደሹን ሲጠይቀው ግን «ኩሩና አኩራፊ ሕዝብ ነው፣ ስጦታ ቢሰጡት ቀና ብሎ አያይም ብለው ጻፉ» አለ። ከዚያ በኋላ ሩዙ አልወርድ አለኝ። የፈራሁት የጢማሙን ብዕር አይደለም፣ የጉን ዝምታ ነው። ጉ ብዙ ጊዜ ዝም አይልም።

እንደተነሳን መንገዱ ፍየል የሚፈራው ዓይነት ሆነ። ደሹን ጥሪውን አከታተለ።

«አንዲት ጥርስ ትነቃነቃለች!»

«ሳይነኳት ትወድቃለች!» ብዬ የተናጋውን ድንጋይ ተሻገርኩት።

«ባለቀንድ አማች መጣ!»

«ጥሎሹን ይዞ ይምጣ!» በሬው ጎኔን ታኮኝ አለፈ።

«ወርቅ ፈሷል በቀኝ!»

«ያፈሰሰው ያግኝ!» ወደ ግራ ተጠጋሁ፤ የበሬው እበት ነው።

ጓዝ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ይኼኔ ጢማሙ በምርኩዙ የወንበሩን ጎን ደበደበ። አወረድነው። አገር ይያዝልኝ አለ! ፌንግ እየተከታተለ ሲተረጉም ድምፁ ያነሰ ነበር።

«ሰባት ቀን ሙሉ ጩኸት፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ገበያ ሴት ንትርክ ነው ይላሉ። መጻፍ አልቻልኩም፣ ራሴን አመመኝ ይላሉ። ደግሞም በእኔ እየቀለዱ እንደሆነ አውቃለሁ ብለዋል።»

«እሱንስ አውቋል» አለ ደሹን በጥርሱ ውስጥ።

«ከአሁን ጀምሮ አንድ ቃል ከወጣ፣ መድረሻችን ዳጂየንሉ ከተማ ሲገቡ ለገዥው ደብዳቤ ጽፈው አለቃውን ያስይዛሉ።»

«አለቃ» አለ ደሹን፣ «የአህያ ዕንባ ከፊታችን ነው። ትናንት ዘንቧል። ያለ ጥሪ እንዴት ይታለፋል? ንገሩት እንጂ!»

ፌንግ ነገረው። ጢማሙ ሳቀና አጭር መልስ ሰጠ። «ዓይን የተፈጠረው ለማየት ነው ይላሉ» አለ ፌንግ።

ጉ ወደ ደሹን ተጠግቶ «እባክህ፣ ልጆች አሉኝ» አለው። «እስከ ማታ ብቻ። ዝም አይነቅዝም።»

«ይገድላል እንጂ መች ይነቅዛል!» አለ ደሹን። ግን መሎጊያውን አነሳ። ምን ያድርግ?

የአህያ ዕንባ ማለት ከገደሉ ወገብ ላይ የተፈለፈለ መንገድ ነው። ስፋቱ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ነው፤ ድንጋዩ በጠፋበት ቦታ ካስማ ተተክሎ ሳንቃ ተነጥፎበታል። ወንዙ ከሥር ነው። ስሙ የወጣው ለምን እንደሆነ አህያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ደሹን በአፉ ፈንታ በመሎጊያው ያናግረኝ ጀመር። ግራ ትከሻውን ሲያነሳ ግራዬን አነሳለሁ፤ ሲያረግብ ቁልቁለት ነው፤ ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርገኝ «ቀስ» ማለቱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ከንቱ አልነበረም። አንድ ሁለቴ አሳለ፣ ከባድ ቦታ ላይ። ጢማሙ ጎኑን ደበደበ፤ ሳልም ተከለከለ። የሰው ሳል የሚከለክል ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ላቤ በጉንጉን ጸጉሬ ወርዶ ወገቤ ደረሰ። ወንዙ የደሹንን የእግር ድምፅ ይውጠዋል፤ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

ከዚያ መሎጊያው ድንገት ወደ ፊት ተሳበና ቆመ። ደሹን የሆነ ነገር ተራምዷል። ረጅም ነው? አጭር ነው? ድንጋይ ነው ጉድጓድ? መሎጊያ ለጉድጓድ ቋንቋ የለውም።

ግራ እግሬን ቀስ ብዬ ሰደድኩት። ከሥሩ ነፋስ መጣ። ቀዝቃዛ የወንዝ ነፋስ፣ ከመንገዱ መሀል ወደ ላይ። እግሬን መለስኩና ቆምኩ።

ጢማሙ ጮኸ። ደሹን ከፊት በአንድ እግሩ የሆነ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል፤ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በቀርከሃው በኩል ይሰማኛል። ጉ ከኋላዬ ደረሰ።

«ምን ሆንክ? አንድ ሳንቃ ነው የጎደለው፤ ተራመደው! እግርህ ሥር ነው እኮ!»

«የቱ ጋ?» አልኩ።

ትንፋሹ ፊቴ ድረስ ቀረበ።

«የቱ ጋ ነው ያለው አለቃ? ስንት ነው ስፋቱ?»

«ታን» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «እግርህን ተመልከት።»

ልዋሸው እችል ነበር። ላብ ዓይኔ ገባ ልል እችል ነበር፤ በዕድል ልራመድ እችል ነበር። ጢማሙ ወንዝ ቢገባ ግድ የለኝም፣ እውነቱን ልናገር። ከመሎጊያው ሌላኛው ጫፍ ያለው ግን የሚስቴ ወንድም ነው።

«አላይም አለቃ» አልኩ። «ከሁለት ክረምት ጀምሮ አላይም። ደሹን ይጥራልኝና ልለፍ፤ ከዚያ የፈለግከውን አድርገኝ።»

ጉ መልስ ከመስጠቱ በፊት የደሹን ድምፅ ገደሉን አስተጋባው። ደብዳቤውም ገዥውም ገደል ይግቡ ያለ ድምፅ ነው።

«አንዲት ሳንቃ ጠፍታለች! አንድ ክንድ ነው፣ ሦስተኛው!»

«ታናሽዋ ትችላለች!» ብዬ ተራመድኩ። ቀጣዩ ሳንቃ ሲጥጥ አለና ያዘኝ። ከዚያ እስከ ጠርዙ መጨረሻ ድረስ ደሹን አላቋረጠም። ጢማሙ ጎኑን እየደበደበ፣ እኛ እየተጠራራን፣ ገደሉን ጨረስነው። ሰፊው መንገድ ላይ አወረድነውና ቁጭ አልኩ።

ጢማሙ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ፌንግ፣ ሞኝነት ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ እንዳለ ነገረው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳያሳምር ተረጎመ፤ ያውም ያን ዕለት!

ሰውየው መጥቶ ፊቴ ላይ እጁን አወናጨፈ። ነፋሱን ሰማሁት። አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ የወረደው ስድብ ሳይተረጎም ገባኝ።

«ሰባት ቀን በዕውር አሸክማችሁኛል ይላሉ» አለ ፌንግ። «ይኽ አገር ምን ዓይነት አገር ነው ይላሉ። ዓይን ያለው ሰው አሁኑኑ ይተካ፤ ዓይን ያለው ከመጣ ደግሞ ጩኸቱ ለዘለዓለም ይቁም ብለዋል።»

ሰባት ቀን ስበላ አይቶኛል፣ ስቀመጥ አይቶኛል፣ ስንት ሳህን ሩዝ እንደበላሁ ጽፏል። ዓይኔን ግን ያየው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው። ይኽ ነው እንግዲህ ለማየት የመጣው።

ጉ ብድግ አድርጎ አነሳኝ። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያንተ ግን አውቀህ ነው» አለኝ። የተቆጣ አይመስልም፤ ይህ ነው ሆዴን ያባባው። በእኔ ቦታ ቺን ገባ፤ ከጓዝ ተሸካሚዎቹ ውስጥ ጉልበተኛው፣ ዓይኔ የጭልፊት ነው እያለ ሲኮራ የሚውል ሰው። እኔ ከሰልፉ መጨረሻ የጓዝ ገመድ ይዤ እንደሚነዳ ፍየል ተከተልኩ። የያጆው ደቡብ በር፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የወዳጆቼ እግር፤ ሁሉም በጆሮዬ መጣ። አለቀስኩ። ዓይን ለማልቀሻነት አሁንም ያገለግላል።

መንገዱ በደረጃ ወደ አንዲት መንደር ይወርዳል። ደሹን ያን ዕለት የታዘዘውን ቃል በቃል ፈጸመ፤ ትንፍሽ አላለም፣ በመሎጊያውም አላናገረም። ቺን ምስኪኑ ከጨርቁ ኋላ በጭልፊት ዓይኑ የዘይት ጨርቅ እያየ ይሄዳል። አንድ ሳህን ሩዝ የሚበላበትን ያህል ጊዜ ቢቆይ ነው። ከመንደሩ መግቢያ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከእጥፋቱ በስተቀኝ ደግሞ የአንዲት አሮጊት የማዳበሪያ ጉድጓድ አለ፣ እስከ አፉ ሙሉ። ደሹን ታጠፈ። ቺን ቀጥ ብሎ ሄደ።

የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የቺን «እናቴ!»፣ ቀጥሎ የቀርከሃው ስብራት፣ ቀጥሎ አንድ ትልቅ፣ ወፍራም ጧ።

ሽታው ቀድሞ መጣ።

ደሹን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ወርቅ ፈሷል በቀኝ!» አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

አፌ ሳያማክረኝ ከሰልፉ ጅራት መለሰ፤ «ያፈሰሰው ያግኝ!»

በዚያው መንገድ ሻይ ወደ ዳጂየንሉ የሚያጓጉዙ ሌሎች ተሸካሚዎች ከነሸክማቸው ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። መንደሩ ወጣ። አሮጊቷ ግን አልሳቀችም።

«ማነው ማዳበሪያዬን የበጠበጠው?» ብላ መጣች። «ለዘር ያስቀመጥኩትን! አውጡልኝ ይኼን ጢማም፣ የራሱን ይጨምርልኝና ይሂድ!»

«እማማ፣ ታላቅ ሰው ናቸው» አለ ፌንግ።

«ይታየኛል! ጉድጓዴ ጠቧቸዋል!»

በገመድ አወጡት። በአሥራ ሁለት ባልዲ ውኃ አጠቡት። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሙቅ የበሽተኛ ነው ብሏልና ማንም አላሞቀለትም። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለ ገዥው ደብዳቤ ሲጀምር አለቃ ጉ አቋረጠው። ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው፣ ለባለሥልጣን ቀና ብሎ አያውቅም።

«መምህር፣ አንዲት ሳታስቀር ንገራቸው» አለ። «ከወንበር ኋላ ዓይን ያለው ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም። የቺንን ዓይን አዩት፤ የት እንዳደረሳቸውም አዩት። ወይ ይጠራራሉ፣ ወይ ክቡርነታቸው በእግራቸው ይሄዳሉ። ገዥው ከጠየቁኝም ከየት እንዳወጣናቸው እነግራቸዋለሁ።»

ፌንግ ተረጎመ። አጭር መልስ መጣ።

«ይጥሩ ብለዋል። ዕውሩ ግን አይነካኝም ብለዋል።»

«ዕውሩ ሄዷል በላቸው» አለ ጉ።

ወንበሩ ሲጠገን ጥላ ሥር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነበር። ጉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዱላውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ።

«ሁለት ክረምት?» አለ።

«ሁለት።»

«በበረዶውም ጊዜ?»

«በበረዶውም። ይቅርታ አድርግልኝ አለቃ፣ ዓይኔ…»

«ዓይንህን ማን ጠየቀህ?» አለና ክንዴን ይዞ አስነሳኝ። «ጆሮህን ይዘህ ና። ሰውየው እንደሆነ ዞር ብሎ አያይም።»

እውነትም ዞር ብሎ አያይም። ድምፃችንንም አይለይም፤ ለእሱ ሁላችንም አንድ ጩኸት ነን። እሱ ፊቱን አዙሮ ሲሳፈር ቺን ከኋላ ወጣ፣ እኔ ገባሁ። መሎጊያው ትከሻዬ ላይ የድሮ ቦታውን አገኘ። ደሹን ምንም አልጠየቀም፤ ትከሻውን ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገ፣ እኔም መለስኩለት።

አራት ቀን ተጉዘን ዳጂየንሉ ገባን። የመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ ጢማሙ ብስኩቱን እየቆረጠመ ሲጽፍ፣ ፌንግ ከጀርባው ቆሞ ያነበዋል። ከዚያ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠና ሩዝ አዘዘ።

«እህሳ መምህር፣ ዛሬስ ምን ጻፈብን?» አለ ደሹን።

ፌንግ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሳቁን መያዝ አቅቶት ቃሉ ይቆራረጥ ነበር።

«‹ዕውሩን አባርሬ ዓይን ያለው ሰው ካስተካሁ ወዲህ› ይላል፣ ‹ጉዞው እጅግ ተመችቶኛል። ልዩነቱ በመጀመሪያው እርምጃ ይታወቃል።›»

ሳህኔን ለምግብ ቤቱ እመቤት ዘረጋሁ፤ ሦስተኛዬ ነበር። ቆልላ ሞላችልኝ።